የሳቅ መዋጮ

ደሴ ውስጥ ልጆች ጥርሳቸውን የሚቦርሹት የመስታወቷ ሴትዮ ብቅ ስትል ነው። ድድ ብቻ ናት። መስታወቱን ከውስጥ በኩል ቀስ እያለች ትልሰዋለች፣ ልጆቹም ያን ጊዜ ብሩሻቸውን ያነሳሉ። የውሃ ፈረቃ የሚነገረው ቧንቧ ውስጥ በሚያለቅስ ሕፃን ነው። አንደኛ ክፍል ማባዛትን የሚማረው እጁን ዘርግቶ ጣቱ መብዛቱን ከማያቆም ሰውዬ ነው። ይህን ሁሉ ያዘዘ የለም፤ ሕግም አልወጣበትም። ሰው መጀመሪያ ቆንጆ ነገር ማየት ሰለቸው፣ ቀጥሎ የሚያስቀው ሰለቸው፣ የሚያስለቅሰውም እንዲሁ። ዐይኑን ይዞ የሚያቆየው ፍርሃት ብቻ ሆኖ ሲቀር የየቤቱና የየመንገዱ ግድግዳዎችም እሱኑ ማሳየት ያዙ።

ራውዳ እንድሪስ የምትሠራው እነዚህ ተንቀሳቃሽ ሥዕሎች በሚሠሩበት ድርጅት ውስጥ ነው። ሥራዋ ድባብ ነው። ፊት የሚስሉ ሌሎች አሉ፣ የተሳለውን የሚያንቀሳቅሱም አሉ፤ እሷ አየሩን ትሠራለች። የክፍሉ ቢጫ ምን ያህል ያረጀ ይሁን፣ ጥላው ከባለቤቱ ምን ያህል ዘግይቶ ይከተል፣ ጣሪያውና ግድግዳው የት ላይ ሳይገጥሙ ይቅሩ፣ ይህን የምትወስነው እሷ ናት። ጎበዝ ናት፤ መቼም ሰው የተካነበትን አይደብቅም። እሷ የነካችው ክፍል ውስጥ ምንም ነገር ሳይመጣ፣ አንድ ባዶ ወንበር ብቻ ተቀምጦ፣ ተመልካቹ የልብ ምት በሚቆጥረው አምባሩ ላይ ልቡ ሲዘል ያያል።

«ፍርሃት ከባዕድ አይመጣም» ይላል የድርጅቱ ኃላፊ ዳግማዊ። ቀጭን፣ ለስላሳ፣ ሰው ላይ ጮሆ የማያውቅ ሰው ነው። «ጭራቅማ ማንን ያስደነግጣል? ጭራቅ መሆኑ ይታወቃላ! ሰው የሚደነግጠው የሚወደው ነገር ትንሽ ሲጣመምበት ነው።»

ስለዚህ መዋጮ አለ። ወር በገባ ቁጥር ሠራተኛው በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ይሰበሰብና እያንዳንዱ ከቤቱ አንድ የሚወደውን ነገር ያወጣል። ድምፅ ሊሆን ይችላል፣ የአንድ ክፍል ጥግ ሊሆን ይችላል፣ የሰው አረማመድ ሊሆን ይችላል። ስሙ የመጣው ከቅሬ ነው። ወሎ ውስጥ ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍረው፣ ቃሬዛ የሚሸከመው፣ ሐዘንተኛውን የሚያጽናናው የሰፈሩ ቅሬ ነው፤ ከቅሬ መዋጮ የቀረ ሰው ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ይኖራል እንጂ ሰው ፊት አይቆምም። እዚህም እንደዚያው ሆነ። «አምጡ» የሚል የለም። ባዶ እጁን የሚመጣም የለም።

ራውዳ ብዙ አዋጥታለች። የጦሳ ተራራን ጉም ሰጥታለች፤ ልጅ ሳለች በር ላይ ጠብቆ ትምህርት ቤት ድረስ የሚሸኛት ይመስላት የነበረውን። አሁን በቁልፍ ቀዳዳ እየገባ የተኛ ሰው አፍ ውስጥ የሚጠራቀም ጉም ሆኗል። የሟች እናቷን ሰማያዊ የበር መጋረጃ ሰጥታለች፤ እሱም አሁን ይተነፍሳል። ከዚያ ወዲህ እውነተኛውን መጋረጃ ማየት አቃታት። አጣጥፋ አልጋ ሥር ከተተችው፣ እዚያም ሆኖ የሚተነፍስ እየመሰላት ሲቸግራት አውጥታ ለማታውቀው ሰው ሰጠችው። ለመዋጮ የሄደ ነገር አይመለስም። ሠራተኛው ሁሉ ይህን ያውቃል፣ ግን ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም ነው።

አንድ ያላዋጣችው ነገር ቀርቷት ነበር፤ የአባቷ ሳቅ።

ጋሽ እንድሪስ ዕድሜያቸውን ሙሉ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው፣ በኋላም የሰፈሩ የቅሬ ዳኛ ሆነው ሽማግሌነትን የተቀበሉ ሰው ናቸው። አሁን የሚኖሩት ከራውዳና ከልጇ ከሂባ ጋር ነው፤ የራውዳ ባል ጅቡቲ ወደብ ላይ ስለሚሠራ ብቅ የሚለው ለዒድ ብቻ ነው። ልባቸው ስለታመመ መድኃኒት ይወስዳሉ፣ መድኃኒቱም ልባቸውን ቀርፋፋ አድርጎታል። ግድግዳ ደግሞ ልብ እየሰማ ነው የሚሠራው፤ ተመልካቹ ካልደነገጠ ምስሉን ያከብደዋል። የጋሽ እንድሪስ ልብ ምን ቢመጣባት ከእርምጃዋ አትወጣም። ምስኪን ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ያለ የሌለ ኃይሉን ያፈስባቸዋል። አንገቷ እየረዘመ ኮርኒሱን የምትበሳ ሙሽራ ያመጣል፣ የራሱን ፊት እንደ ሽንኩርት እየላጠ «ቀጣይ!» የሚል ሐኪም ያመጣል።

«ራውዳ! ነይማ እዪው ይሄንን! ደከመው እኮ፣ ላብ በላብ ሆነ!» ይላሉ ጋሽ እንድሪስ።

ከዚያ ይስቃሉ። የፊት ጥርሳቸው ከወለቀ ወዲህ አፋቸውን ለሰው ማሳየት ስለሚያፍሩ መጀመሪያ የጋቢያቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያደርጋሉ። ከዚያ ትከሻቸው ያለ ድምፅ ይንቀጠቀጣል፣ ራሳቸው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ትንፋሽ ያጠራቸው እስኪመስል እንዲያ ይቆያሉ። በመጨረሻ ጋቢውን አውርደው፣ ድዳቸውን እንዳለ አሳይተው፣ እንባቸውን እየጠረጉ «አይ የአላህ ሥራ!» ይላሉ። ራውዳ ከሥራ ስትገባ ያን ሳቅ ካላየች ቤቷ የገባች አይመስላትም። አገር ምድሩ በሚርበደበድበት ነገር ላይ የሚስቅ ሰው ያለው እሷ ቤት ነበር፤ በዚህም ትኮራለች።

ሂባ ግን አያቷን ልብ አትላቸውም ነበር። ፊቷን ወደ ግድግዳው፣ ጀርባዋን ወደ እሳቸው አድርጋ ነው የምትውለው። ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ፊቱ የማይለዋወጥ ሽማግሌ ምኑ ይታያል?

«ሂቡዬ፣ ነይ እስቲ የመንገድ ወሬ ላውራሽ» ይሏታል።

«ቆይ አባባ።»

«ቆይ» እንዳለች ክረምቱ ወጥቶ በጋው ገባ።

የዚያን ወር ራውዳ ለመዋጮ የያዘችው የአባቷን አውቶቡስ ጥሩምባ ነበር። ድምፁን ከድሮ ቪዲዮ ላይ አውጥታ አዘጋጅታዋለች፤ ደህና ነገር ነው፣ ደግሞም ብታጣው የማይጎዳት። ግን ከእሷ ቀድማ ተራው የደረሳት ማኅደር የምትባል አዲስ ሠራተኛ ነበረች። ማኅደር ተነስታ ውሃ የወሰደው ወንድሟ ደረጃ ሲወጣ የሚያሰማውን ኮቴ በጣቷ ጠረጴዛው ላይ መታችው። አንዱን እግሩን ጎተት ያደርግ ነበር። ሰው ሁሉ አለቀሰ፣ ቀጥሎም አጨበጨበ፣ ዳግማዊ ተነስቶ አቀፋት።

«ራውዳ?» አለ ከዚያ፣ ዐይኑን እየጠረገ።

ራውዳ ስልኳን ይዛ ተነሳች። ያንን ሁሉ እንባ ስታይ ጥሩምባው አሳፈራት። ለቅሶ ቤት አንዲት ሎሚ ብቻ ይዞ የመጣ ሰው መሰለች። ምን ይሉኛል? ይቺ አዲስ ልጅ ወንድሟን አውጥታ፣ እኔ የስንት ዓመቷ ሠራተኛ ፒፒ ልበል? ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። ስልኩን መልሳ ኪሷ ከተተችው።

«የአባቴ ሳቅ» አለች።

የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋን አንቀጠቀጠች። ድምፅ የለም። ራሷን ወደ ኋላ ለቀቀችው። አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ሳያስበው ወንበሩን ሸሸት አደረገ። ዳግማዊ አምባሩን አየና በለሆሳስ «እግዚአብሔር ያሳይሽ! ይሄን ሁሉ ጊዜ የት ደብቀሽው ነው?» አላት። የወቀሳ ድምፅ ነበረው፤ ቤቱ ግን በጭብጨባ ተናጋ። የሚቀፈው ነገር፣ ራውዳ ደስ አላት።

ሥራውን ለሌላ አልሰጡባትም፣ ራሷ ሠራችው። ክፍሉን የገዛ ሳሎኗን ቢጫ ቀባችው፣ ከዚያም ቢጫውን ማዕዘኖቹ ላይ አሻገተችው። ሶፋውን ከወለሉ በጣም ትንሽ ከፍ አደረገችው፤ ተመልካች ልብ አይለውም፣ ግን አይመቸውም። ሰውዬውን ጋቢ አከናንባ አስቀመጠችው። ትከሻው እንዲንቀጠቀጥ፣ በድንገት ቀጥ እንዲል፣ ጭንቅላቱ ግን ትከሻው ካቆመ በኋላ ብቻ፣ የረሳው ነገር ትዝ እንዳለው ሁሉ ዘግይቶ እንዲሄድ አደረገች። ከእንቅስቃሴው መሃል መሃሉን አወጣችበት፣ ስለዚህ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ይዘላል እንጂ አይሄድም። ጋቢውን ፈጽሞ አላወረደችውም። አባቷ አፋቸውን ገልጠው እንባቸውን የሚጠርጉበትን የሳቁን መጨረሻ ቆርጣ ጣለችው፤ ፍርሃቱ ያለው ሳቁ መጨረሻ በማጣቱ ነው። ጎበዝ ናት አልኩ እኮ።

ስም ያወጡለት ልጆች ናቸው፤ አባ ሽፍን። ዝናቡ ሳይመጣ አባ ሽፍን ያልገባበት ቤት አልነበረም። ባንክ ቤት ተራ የሚያስይዘው እሱ ሆነ፣ ሊፍት ውስጥ ፎቁን የሚቆጥረው እሱ ሆነ። ዐይኔን አልከድንም ያለ ሕፃን አባ ሽፍን በግድግዳው ጥግ ካልተቀመጠለት አይተኛም።

ቤታቸው ግድግዳ ላይ የመጣ ቀን ራውዳ ማጀት ውስጥ ትንፋሿን ይዛ ቆመች። ጋሽ እንድሪስ ለረጅም ጊዜ አዩት። አልሳቁም።

«ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?» አሉ በመጨረሻ። «የታመመ ይመስላል፣ ምስኪን።»

እሷም ፊቷን ወደ ምድጃው መለሰች።

ነገሩ የወጣው ክሊኒክ ነው። ጋሽ እንድሪስ መድኃኒታቸውን ሊያመጡ ከድሮ ባልደረባቸው ከጋሽ ይማም ጋር ሄደው ወረፋ ይዘዋል። ጋሽ ይማም አንድ ቀልድ ጣል አደረጉ። ጋሽ እንድሪስ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ወረፋው ተበተነ። አንድ ጎልማሳ በሩን በርግዶ ወጣ። ሕፃን ያዘለች ሴት ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ፦

«በዚህ ዕድሜዎ አያፍሩም? ልጅ ይዘን እኮ ነው! ፈጣሪን አይፈሩም?» ብላ ጮኸች።

ጋሽ እንድሪስ ምን እንዳደረጉ አልገባቸውም። «ይቅርታ ልጄ፣ ይቅርታ» እያሉ ጋቢያቸውን ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ከተቱ። ጋሽ ይማም ክንዳቸውን ይዘው ቤት አደረሷቸው፣ እግረ መንገዳቸውንም ስለ አባ ሽፍን ነገሯቸው።

ራውዳ ስትገባ ከግድግዳው ፊት ለፊት ተቀምጠው አገኘቻቸው። ጋቢው አጠገባቸው ተጣጥፎ ተቀምጧል። ሂባ እንደ ልማዷ ጀርባዋን ሰጥታቸው ሥዕል እየሳለች ነበር።

«ራውዳ» አሉ። «ይሄ ሰውዬ እኔ ነኝ?»

መካድ ፈልጋ ነበር። አፏ ግን እሺ አላላትም።

«አዎ አባ።»

«ማን ነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ።»

ጋሽ እንድሪስ «እንዲህ ነው እንዴ የምስቀው?» ብለው ጠየቁ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የምር ለማወቅ ነበር የጠየቁት።

«አይደለም! ወላሂ አይደለም! እኔ ነኝ ያጣመምኩት። ለመዋጮ… ሁሉም ሰው ትልቅ ትልቅ ነገር አወጣ፣ እኔ የያዝኩት ደግሞ እዚህ ግባ የማይባል ሆነብኝ፣ አፈርኩ፣ ከዚያ…» እንባዋ ቀደማት።

አባቷ አገጫቸውን እየዳሰሱ አሰቡ። ስንት ዓመት የቅሬ ዳኛ ሆነው ከመዋጮ የቀረውን ሰው የገሰጹ፣ ያስጠነቀቁ፣ አንዳንዱንም በሰው ፊት ያሳፈሩ ሰው ናቸው።

«ለመዋጮ ከሆነማ» አሉ፣ «ምን ታደርጊ? ሰው ፊት ባዶ እጅ አይቀረብ። ደግ አደረግሽ።»

ራውዳ ቢረግሟት በወደደች። እርግማን ቢሆን ይቅር በሉኝ ይባልበታል፤ «ደግ አደረግሽ» ግን መግቢያም መውጫም የለው። እግራቸው ሥር ቁጭ ብላ አለቀሰች፣ እሳቸውም ራሷን ይዳስሱ ነበር። ያን ጊዜ ነው ሂባ እርሳሷን ጥላ የዞረችው።

«አባባ፣ አባ ሽፍን አንተ ነህ እንዴ?»

ጋሽ እንድሪስ የልጅቷን ፊት አዩ። ግድግዳው ከጀርባዋ ሙሽራዋን እየሰቀለ እያወረደ ነበር፣ ሂባ ግን ዞራ አላየችውም። ዐይኖቿ ተበልጥጠው እሳቸው ላይ ቀርተዋል።

«እኔ ነኝ መሰለኝ» አሉ።

በማግስቱ ሂባ የሕንፃቸውን ልጆች ሰብስባ አመጣች። ሶፋው ሥር ተደርድረው «አድርገው! አድርገው!» አሉ። ጋሽ እንድሪስ ጋቢያቸውን አንስተው፣ እንዳቅማቸው ትከሻቸውን ነቀነቁ። ልጆቹ ተያዩ።

«እሱ አይደለም» አለ አንዱ፣ ቅር ብሎት።

«ነው! ተለማምዶ ስለማያውቅ ነው» አለች ሂባ፣ ፊቷ እየቀላ። «አባባ፣ ትከሻህን ስታቆም ቀጥ ማለት አለብህ። ራስህን ደግሞ አብረህ አታንሳው፤ መጀመሪያ ዝም፣ ከዚያ በኋላ። እንደገና።»

እንደገና አደረጉት። ከዚያ ቀን በኋላ ሂባ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቦርሳዋን ወርውራ በቀጥታ አያቷ ጋ ትሄዳለች። ስህተታቸውን ትነግራቸዋለች፣ ትከሻቸውን በእጇ ይዛ ታቆማለች። ከእሷ ጋር በሌሉበት ሰዓት ብቻቸውን ሶፋው ላይ ሆነው ሲለማመዱ ራውዳ ብዙ ጊዜ አይታለች። ግድግዳው ያለ የሌለውን ሲያወርድባቸው አሁን አይስቁበትም፤ አባ ሽፍን እስኪመጣ ይጠብቁና አንገታቸውን አስግገው እንደ ተማሪ ያዩታል።

«ሂባ፣ በቃ ተያቸው! ሽማግሌ ናቸው፣ ይደክማቸዋል!» ብላ ራውዳ አንድ ቀን ተቆጣች።

«አንቺ ተያት!» አሉ ጋሽ እንድሪስ ከልጅቷ ቀድመው። «አስተምሪኝ ያልኳት እኔ ነኝ።» ሂባ ወደ ውስጥ ስትገባ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጅቷ አየችኝ እኮ ራውዳ» አሉ። «ከመጣሁ ጀምሮ ገና አሁን አየችኝ።»

 ራውዳ የሂባን ቦርሳ ከወለሉ አንስታ ሰቀለችው።

አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ልጆቹ ሳይመጡ ራውዳ የአልጋ አንሶላ አውጥታ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ሸፈነችው። ሙሽራዋ ከአንሶላው ጀርባ እንደ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች እንጂ መልኳ አይለይም። ለአባቷ ሻይ ቀዳችላቸውና አጠገባቸው ተቀመጠች። ሂባ ምንጣፉ ላይ ነበረች።

«አባ፣ ያ ጫማውን ያወለቀው ሰውዬስ?» አለቻቸው።

የጋሽ እንድሪስ ዐይን በራ። «የወልዲያው?»

«እሱ። ለሂባ ልንገራት። ሂባ፣ ስሚ። አንድ አውቶቡስ ተሳፍሮ የማያውቅ የገጠር ሰው ነበር። አባባ አውቶቡሱን አጥቦ፣ ወለሉን አጽድቶ ሲጠብቅ ሰውዬው መጣና እንዴት በዚህ ንጹሕ ቤት ላይ በጫማ እገባለሁ ብሎ፣ ጫማውን መሬት ላይ፣ በሩ ሥር አወለቀ። ገብቶ ተቀመጠ። አባባ አያውቅ፣ ነዳው። ወልዲያ ሲደርሱ ሰውዬው በሩ ላይ ቆሞ መሬት መሬቱን ያያል፣ ያያል…»

«‘ሾፌር!’ አለኝ» ቀጠሉ ጋሽ እንድሪስ፣ ድምፃቸው ገና ካሁኑ እየተቆራረጠ። «‘ሾፌር! ያወለቅኩት በዚሁ በር ላይ ነው። በሩ ይኸውና! ጫማዬን ማን ወሰደብኝ?’»

ዐይናቸው በእንባ ሞላ። የምር አስቋቸዋል፤ ራውዳ አባቷን ታውቃለች፣ ይህ የምር ነው። ጋቢያቸው ተነስቶ አፋቸው ላይ ሄደ። ትከሻቸው ያለ ድምፅ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ቀጥ አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ፣ ራሳቸውም፣ ትከሻቸው ካቆመ በኋላ፣ ዘግይቶ ወደ ኋላ ሄደ።

ራውዳ አምባሯ ሥር ልቧ ሲዘል ተሰማት። ከአባቷ አጠገብ ተቀምጣ ፈራች። ጋቢው እስኪወርድ ጠበቀች፤ ድዱን፣ የሚጠረገውን እንባ፣ «አይ የአላህ ሥራ!» የሚለውን ቃል ጠበቀች። ጋቢው አልወረደም። ከጋቢው በላይ ያሉት ዐይኖች ቀስ ብለው ወደ ሂባ ዞሩ።

«እንዴት ነው?» አሉ ጋሽ እንድሪስ ከጨርቁ ጀርባ።

«አሁን ገና አገኘኸው!» ብላ ሂባ አጨበጨበች።

ዐይኖቹ ደግሞ ወደ ራውዳ ዞረው ጠበቁ። የሠራችው እሷ ናት፣ የምታውቀው እሷ ናት፤ የመጨረሻውን ቃል ከእሷ ነው የፈለጉት። ራውዳ ትከሻውን አየች፣ የጭንቅላታቸውን አዘገያየት አሰበች፣ አንድ እርማት ብታገኝ ብላ ደጋግማ ፈለገች። አጣች።

«ልክ ነው አባ» አለች።

ደስ ብሏቸው ይሆናል። ከጋቢው በላይ ካለው ዐይናቸው ብቻ ግን ማወቅ አልቻለችም።